ሥራው ሸካራው ድንጋይ ላይ ነው

እንግሊዛዊው የሳይንስ ሰው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ያሳተመው «ማይክሮግራፊያ» ምልከታውን የሚጀምረው ከመርፌ ጫፍ ነው። ከመርፌው ቀጥሎ ማይክሮስኮፑ ሥር የገባው የጺም ምላጭ ነበር። ምላጩ ተስሎ ያለቀለት፣ ፊት ላይ ለመዋል የተዘጋጀ ነው። ሁክ ያየው ግን ሌላ ሆነ፦ ድንጋዩ የተወው ጭረት ጎን ለጎን ተጋድሞ፣ ስለቱ ቦታ ቦታ ተሸራርፎ፣ ጠርዙም ወርድ አውጥቶ። በባዶ ዓይን እንከን የማይወጣለት ስለት በመስታወት ሲታይ ሸካራ ብረት ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ምላጭ በቤቱ መሳል የሚጀምር ሰውም መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ይህንኑ ነው። ስለት ማለት ሁለት ተዳፋት ገጾች የሚገናኙበት መስመር ነው። ገጾቹ እስከ መጨረሻው ከተገናኙና መገናኛቸው ላይ የሚቀረው ወርድ ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ በታች ከወረደ ምላጩ ጺም ይቆርጣል። የራስ ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ የጺም ፀጉር ብዙ ጊዜ ከዚያም ይወፍራል። የመሳል ሥራ እንግዲህ ሁለቱን ገጾች ማገናኘት፣ ከዚያም ድንጋዩ የተወውን ጭረት ይበልጥ በደቀቀ ጭረት እየተኩ መሄድ ነው። ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ምሥጢር አለው እያሉ ውድ ድንጋይ የሚሸጡ ግን ሞልተዋል።

የትኛው ምላጭ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በየሱቁ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ስስ ምላጭ አይሳልም፤ ሲደንዝ ይጣላል። በወንዶች ፀጉር ቤት ባለሙያው እጅ ላይ የምናየው ታጣፊ መሣሪያም ብዙውን ጊዜ መልኩ ነው የጥንቱን የሚመስለው፤ አፉ ላይ የሚገባው ለሁለት የተሰበረ ያው ስስ ምላጭ ነው። የሚሳለው ከጀርባው እስከ ስለቱ አንድ ወጥ ብረት የሆነው፣ ተጣጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባው የጥንቱ ምላጭ ነው።

የዚህ ምላጭ ስም ከሁለት ከተሞች ጋር ተያይዞ ይነሳል። ለእንግሊዟ ሼፊልድ መንገዱን የጠረገላት ሰዓት ሠሪው ቤንጃሚን ሀንትስማን ነው። ለሰዓት የሚሆን የተሻለ ሞላ ሲፈልግ፣ በ1740ዎቹ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ አቅልጦ ከዳር እስከ ዳር ወጥ የሆነ ጠንካራ ብረት ማውጣት ቻለ። ለምላጭ ከዚህ የተሻለ ዜና አልነበረም፤ ውስጡ ወጥ ያልሆነ ብረት ስለቱም ወጥ አይሆንምና። የጀርመኗ ሶሊንገን ደግሞ በስለት ሥራ ከመታወቋ የተነሳ ስሟ ራሱ በ1938 በወጣ ሕግ ተጠብቋል፤ ከከተማዋና ከአካባቢዋ ውጭ የተሠራ ቢላም ሆነ ምላጭ ስሟን ይዞ መሸጥ አይችልም።

ታጣፊውን ምላጭ ከየቤቱ ያስወጣው አሜሪካዊው ኪንግ ጂሌት ነው። ለሚጣለው ምላጩ በ1904 የባለቤትነት መብት አገኘ። ኩባንያው መሸጥ በጀመረበት በ1903 የተሸጡት እጀታዎች 51 ብቻ፣ ምላጮቹም 168 ብቻ ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫና 32 ሚሊዮን ምላጭ አዘዘ። ወታደሩ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ልማዱን ይዞ ገባ፤ የመሳያው ድንጋይና ቆዳም ከመታጠቢያ ቤት ወጡ። አብሯቸው የወጣው እውቀት ነው ዛሬ እንደ አዲስ የሚለቀመው።

ቢላ መሳል የሚያቅተው ሰው ምላጭ መሳል ሊሳካለት ይችላል መባሉ ግር ያሰኛል። እውነት ነው። ቢላ የሚስል ሰው ቢላውን በድንጋዩ ላይ አዘንብሎ ያንኑ ዝንባሌ በእጁ ጠብቆ መቆየት አለበት፤ እጁ ትንሽ ከፍ ዝቅ ካለ ስለቱ ይከበባል። ታጣፊ ምላጭ ግን በድንጋዩ ላይ ይተኛል። ወፍራሙ ጀርባውና ስስ አፉ ሁለቱም ድንጋዩን ነክተው ይሄዳሉ፤ ዝንባሌውን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው። ወርዱ 19 ሚሊ ሜትር፣ ጀርባው 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ምላጭ ቢወሰድ ሁለቱ ገጾች የሚገናኙበት ማዕዘን ወደ 15 ዲግሪ ይሆናል። ምላጩ በተሳለ ቁጥር ስለቱ ሲበላ ጀርባውም አብሮ ይበላል፤ ስለዚህ ማዕዘኑ ከብዙ ዓመት በኋላም ያን ያህል አይለወጥም። ንድፉን ያወጣው ማን እንደሆነ ባይታወቅም ባርኔጣ ሊነሳለት ይገባል።

ጀርባው ላይ ወርቅ ቅብ ወይም ቅርጻ ቅርጽ ያለበት ምላጭ የገጠመው ሰው ሽቦ የሚጠቀለልበትን የኤሌክትሪክ ፕላስተር አንድ ድርብ ጀርባው ላይ ይለጥፋል። ማዕዘኑን በጥቂቱ ይጨምረዋል እንጂ አይጎዳም። ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ሲታለፍ ፕላስተሩ መቀየር አለበት፤ የተበላ ፕላስተር ማዕዘኑን ያዛባል፣ ከሸካራው ድንጋይ የያዘውንም ብናኝ ወደ ልስልሱ ይወስዳል።

ማዕዘኑ በምላጩ ከተጠበቀ ለሰውየው የሚቀርለት ምንድን ነው? የእጁ ጫና። አብዛኞቹ የሶሊንገን ምላጮች ግራና ቀኝ ጎናቸው ወደ ውስጥ የተጎደጎደ ነው፤ ከጀርባቸው በታች ያለው ብረት እየሳሳ ሄዶ አፉ ጋ ሲደርስ በጥፍር ቢገፋ የሚታጠፍ ይሆናል። እንዲህ ያለ ብረት ላይ ጣት ሲጫን አፉ ወደ ላይ ይቀለበስና ድንጋዩን መንካት ያለበት ክፍል ሳይነካ ያልፋል። የጥንቶቹ የሼፊልድ ምላጮች ጎናቸው ጠፍጣፋና ወፍራም ስለሆነ ጫናውን ይችላሉ፤ የሚገፈፈው ብረት ግን ብዙ ነው፤ ጊዜም ትዕግሥትም ይፈጃሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው መካከለኛ ጉድጉድ ያለው፣ አፉ ቀጥ ያለና ስለቱ አጠገብ ዝገት ያልበላው አሮጌ ምላጭ ቢያገኝ ይሻለዋል። ጀርባው ላይ ያለ ዝገት መልክ ያበላሻል እንጂ ሥራ አይከለክልም፤ ስለቱ አጠገብ ያለ የዝገት ቀዳዳ ግን በተሳለ ቁጥር እንደ አዲስ ሽራፊ ሆኖ ብቅ ይላል።

ድንጋዮቹ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ድንጋዩ ይልሳል። ከጃፓን በሚመጡት ሰው ሠራሽ ድንጋዮች የተለመደው አካሄድ ከ1000 ተነስቶ ወደ 4000 ወይም 5000፣ ከዚያ ወደ 8000፣ ሲያሻም ወደ 12000 ማለፍ ነው። በ8000 የጨረሰ ሰው ፊቱን ይላጫል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለምቾት ነው። ጀማሪዎች ገንዘባቸውን የሚያፈሱት ግን በዚሁ የላይኛው ጫፍ ላይ ነው። 12000ውን ይገዙና 1000ውን በአሥር ደቂቃ ገፋ ገፋ አድርገው ያልፉታል። ሁለቱ ገጾች በሸካራው ድንጋይ ላይ ካልተገናኙ የኋለኞቹ ድንጋዮች የሚወለውሉት ያልተገናኘ ስለት ነው፤ ያልተለሰነ ግድግዳ ቀለም እንደመቀባት ማለት ነው። ስለቱ ያብረቀርቃል፣ ጺሙን ግን ይነጫል።

ከተፈጥሮ ድንጋዮች ሁሉ ወሬው የሚበዛለት ኮቲኩል ነው፤ ደግሞም ይገባዋል። የሚገኘው ቤልጂየም ውስጥ፣ በአርደን ኮረብታማ አካባቢ፣ በቪዬልሳልምና በሊየርኖ ዙሪያ ነው። ቢጫማ ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ድንጋይ መሐል በስስ ንብርብር ተኝቶ ይወጣል። ንብርብሩ ስስና ተሰባሪ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ሌላ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ተለጥፎለት ይሸጣል። ብረቱን የሚበላው በውስጡ ተበትኖ ያለው ጋርኔት የተባለ ደቃቅ ማዕድን ነው፤ ቅንጣቱ ከጥቂት ማይክሮን እስከ 20 ማይክሮን ገደማ ይደርሳል። በሰው ሠራሽ ድንጋይ ቁጥር ቢለካ ይህን ያህል ቅንጣት ለምላጭ መጨረሻ ሸካራ ነው በተባለ ነበር። የጋርኔት ቅንጣት ግን ብዙ ገጽ ያለው ድብልብል ነገር ስለሆነ ብረቱን ጠልቆ አይጭረውም፤ ላይ ላዩን ይገፈዋል። ሳልምሻቶ በምትባል መንደር፣ ድንጋዩ በፊት ይቆረጥና ይለሰልስበት በነበረ ሥፍራ ዛሬ የኮቲኩል ሙዚየም አለ።

ይህ ድንጋይ አንድ ብቻውን ሸካራም ልስልስም መሆን ይችላል። ትንሽ የኮቲኩል ቁራሽ ተወስዶ በውሃ የራሰው ትልቁ ላይ ሲፈተግ ወተት የመሰለ ወፍራም ዝቃጭ ይወጣል። ዝቃጩ ሲወፍር ብረቱን በፍጥነት ይበላል፤ ቀለሙ ወደ ግራጫ ሲዞር የብረት ብናኝ ገብቶበታል ማለት ነው። ከዚያ በየጥቂት ምልልሱ አንድ ሁለት ጠብታ ውሃ እየተጨመረበት ይቀጥናል፤ እየቀጠነ ሲሄድ ሥራው እየለሰለሰ ይመጣል፤ መጨረሻው በንጹሕ ውሃ ነው። መቼ ጠብ ማድረግ እንደሚገባ የሚናገር መጽሐፍ የለም ማለት ይቻላል። የእጅና የጆሮ ጉዳይ ነው። ለዚህም ሲባል ለጀማሪ በቁጥር የሚሄደው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ይቀለዋል፤ ኮቲኩሉ ሊቆይለት ይችላል።

ማንኛውም ድንጋይ ቢሆን መጀመሪያ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ከሳጥን የወጣ አዲስ ድንጋይ እንኳ አይታመንም። ፊቱ ላይ በእርሳስ መስመር በመስመር ይሰመርበታል፤ ከዚያ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ውሃ የማይፈታው ቁጥር 300 ወይም 400 አካባቢ ብርጭቆ ወረቀት ይዘረጋና ድንጋዩ በውሃ ይፈተጋል። መሐሉ ላይ የእርሳስ ምልክት ከቀረ ድንጋዩ ጎድጉዷል። ምልክቱ ሁሉ እስኪጠፋ መፈተግ ነው። በወጥ ቤት ቢላ የተቦረቦረ ድንጋይ ላይ ምላጭ ማስቀመጥ ምላጩን ማጥፋት ነው።

አሁን ወደ 1000ው። ድንጋዩ እርጥብ፣ ጠረጴዛው የማይነቃነቅ፣ ብርሃኑ ከጎን። የስለቱ ሁለት ተዳፋት ገጾች በማርከር ይቀባሉ። ምላጩ ይዘረጋል፤ ጀርባውና አፉ ሁለቱም ድንጋዩን ነክተው፣ ስለቱ ፊት ለፊት ሆኖ ይገፋል። ድንጋዩ ከምላጩ ርዝመት ስለሚጠብ እንቅስቃሴው ቀጥ ያለ አይደለም፤ ከእጀታው በኩል ይጀመርና እየተንሸራተተ ምላጩ ጫፍ ላይ ያልቃል። ዳር ሲደረስ ምላጩ ሳይነሳ በጀርባው ላይ ይገለበጣል፤ ከዚያ በሌላኛው ገጹ ይመለሳል። በስለቱ በኩል ያገላበጠ ሰው ደቂቃዎች ያለፋበትን በአንድ ቅጽበት ይመልሰዋል።

ከጥቂት ምልልስ በኋላ ማርከሩ ይታያል። ቀለሙ ከስለቱ ጠርዝ ላይ ካልለቀቀ ድንጋዩ ጠርዙን አልደረሰበትም፤ ከጀርባው ብቻ ነው የበላው። መሐሉ ላይ ለቆ ጫፍ ላይ ካልለቀቀ አፉ ቀጥ አይደለም፤ እጁ ጫፍ ላይ ሲደርስ እጀታውን በመጠኑ ከፍ ማድረግ አለበት። ልምድ ያለው ሰው ከማርከሩ በፊት ውሃውን ያያል። ስለቱ ድንጋዩን ከዳር እስከ ዳር ሲነካ ከፊቱ ያለው ስስ ውሃ ሥሩ መግባት ያቅተውና ወደ ላይ ወጥቶ ምላጩ ላይ ይፈሳል። ውሃው አንድ ቦታ ላይ ከሥሩ ከገባ እዚያ ክፍተት አለ። ድምፁም ይናገራል፤ መጀመሪያ ሻካራ የነበረው ፉጨት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ይሆናል።

ይህ ደረጃ ሩብ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ የደነዘና የተሸራረፈ ምላጭ ከሆነ ሰዓታት ይበላል። ማለቁን ማረጋገጫው የክንድ ፀጉር ነው። ከ1000ው የወረደ ምላጭ ከእጀታው አጠገብም፣ መሐሉም፣ ጫፉም እኩል የክንድ ፀጉር መላጨት አለበት። አንዱ ቦታ ከላጨና ሌላው ካልላጨ ወደ 4000 መሄድ የለም። በሰዓት ሠሪ ማጉያ መብራት ሥር ሲታይ ስለቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካለ ያ ነጥብ ደነዝ ነው፤ በትክክል የተገናኘ ስለት ብርሃን አይመልስም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው። በ4000ው ላይ የሸካራው ጭረት እስኪጠፋ፣ በ8000ው ላይ ገጹ እስኪወለወል መመላለስ ነው፤ ጫናው በየደረጃው እየቀነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ የምላጩ ክብደት ብቻ ይቀራል። ምላጩ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ከማለፉ በፊት በውሃ ይታጠባል፤ እጅም ይታጠባል። እዚህ ላይ አንድ የታወቀ አደጋ አለ፦ የቧንቧው አፍ። ከድንጋይ ተርፎ ልስልስ ያለ ስንት ምላጭ እጥበት ላይ ቧንቧ ነክቶ ተሸርፏል።

መጨረሻው ቆዳ ነው። ሰፊ የቆዳ ጠፍር ከመንጠቆ ይንጠለጠልና በአንድ እጅ ተወጥሮ ይያዛል። በድንጋይ ላይ ስለቱ ቀዳሚ ነበር፤ በቆዳ ላይ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ከ40 እስከ 60 ምልልስ የተለመደ ነው። ቆዳው ከላላ ስለቱ ላይ ይጠቀለልና ያከብበዋል፤ ስለዚህ ውጥር። ጀማሪ ቆዳውን መሸርከቱ አይቀርም፤ የመጀመሪያው ቆዳ ርካሽ ይሁን የሚባለውም ለዚህ ነው። ቆዳው ብረት አይቆርጥም ማለት ይቻላል፤ የስለቱን ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ያሰልፈዋል፣ ያጸዳዋልም። ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ይደገማል።

ከብረት እጅግ የሚለሰልስ ፀጉር ብረትን እንዴት ያደነዝዛል የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው በቅርቡ ነው። በአሜሪካ የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች፣ ጃንሉካ ሮሺዮሊና መምህሩ ጄም ታሳን የነበሩበት ቡድን፣ በ2020 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ጥናታቸውን አወጡ። ሮሺዮሊ የራሱን ጺም በሚጣል ምላጭ እየተላጨ ከእያንዳንዱ ጊዜ በኋላ ስለቱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያይ ነበር። ስለቱ እየተሞረደ ይከበባል ብለው ጠብቀው ነበር፤ ያገኙት ግን ትንንሽ ሽራፊ ነው። የሽራፊው መጠን የአንድ ፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ገደማ ነበር። ብረቱ ከፀጉር 50 እጥፍ ያህል ይጠነክራል። ግን ፀጉሩ ሲቆረጥ ስለሚታጠፍ ስለቱን ወደ ጎን ይጫነዋል፤ የብረቱ ውስጣዊ አቀማመጥ ወጥ ባልሆነበት ቦታ ላይ ጫናው ሲያርፍ ከዚያ ይሸረፋል። ጥናቱ በሚጣል ምላጭ ላይ ቢሠራም ለታጣፊው ባለቤትም ፍንጭ ይሰጣል፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና አረፋ በደንብ የራሰ ጺም ይለሰልሳል፣ ስለቱንም ያን ያህል አያስቸግርም።

ለመላጨት ምላጩ ፊት ላይ ወደ 30 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ቆዳው በሌላኛው እጅ ይወጠራል። ከጉንጭ መጀመር ይሻላል፣ አገጭና ከንፈር አካባቢ ለቀጣይ ሳምንታት ይቆይ። ምላጩ ከነጨ ጥፋቱ ከአያያዙ ነው ወይስ ከስለቱ? አዲስ ሰው ይህንን መለየት አይችልም፤ ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ እየተማረ ነውና። ስለዚህ ብዙ የሚያውቁ ሰዎች የመጀመሪያውን ምላጭ በባለሙያ የተሳለ እንዲገዛ ይመክራሉ። በእርሱ መላጨት ይለምዳል፣ ጥሩ ስለት ፊት ላይ ምን እንደሚመስል ያውቃል፣ ከዚያ ሁለተኛውን አሮጌ ምላጭ ድንጋይ ላይ ያወጣል።

አንድ ነገር ግን በድርድር አይታለፍም። ስለታም ነገር በጋራ እንዳይጠቀሙ በኢትዮጵያ የጤና ትምህርት ለዓመታት ሲደጋገም የኖረው ምክር ለዚህ ምላጭም ይሠራል። ኤችአይቪም ሆነ በደም የሚተላለፍ የጉበት ቫይረስ ስለቱ አሮጌ ነው አዲስ ነው ብሎ አይመርጥም። ፀጉር ቤቶች ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚቀየረውን ስስ ምላጭ የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የቤቱ ታጣፊ ምላጭ አንድ ባለቤት ብቻ ይኑረው፤ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የተገዛ ደግሞ ከመሳሉ በፊት በደንብ ታጥቦ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይጽዳ።

ከተጠቀሙበት በኋላ ምላጩ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ከጀርባ ወደ ስለት አቅጣጫ ይጠረጋል፤ እጀታው ውስጥ ከመታጠፉ በፊት ትንሽ አየር ቢያገኝ ጥሩ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ መተው ዝገት መጥራት ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ስስ ዘይት ይቀባል። ከተወሰኑ ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ፣ ቆዳው ብቻውን ስለቱን መመለስ ሲያቅተው፣ ምላጩ ወደ ድንጋይ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ወደ መጨረሻው ልስልስ ድንጋይ ነው። አሥር፣ ሃያ የማይጫን ምልልስ ይበቃዋል። 1000ው ከመደርደሪያው የሚወርደው ስለቱ ከተሸረፈ ወይም ምላጩ መሬት ወድቆ ከሆነ ብቻ ነው።